ወደቡና ዋና ከተማው ተገናኝተዋል፤ መሃል ላይ ያለነውስ?

የሐዲድ ልጅ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሰሞኑን አንድ ነገር ውስጤን ሲከነክነኝ ሰነበተ። እናንተው ጋ ላምጣው ብዬ ነው።

የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ ያደግኩት ከዚራ ነው። አባቴ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ይሠራ ነበር። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ አዲስ አበባ አክስቴ ጋ በባቡር ይወስደኛል። ከጉዞው ሁሉ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ ያለው ኤረር ጣቢያ ነው። ባቡሩ ገና ሳይቆም ሴቶቹ ብርቱካን በቅርጫት ተሸክመው መስኮቱ ሥር ይደርሳሉ። አባቴ ሁልጊዜ የሚገዛው ከአንዲት ረጅም ሴት ነበር። ሳንቲሙን ከላይ ይለቅላታል፤ በሻሿ ጫፍ ትቀበለዋለች። ከዚያ ብርቱካኑን አንድ በአንድ ወደ ላይ ትወረውራለች፤ መቅለብ የኔ ሥራ ነው። ባቡሩ መንቀሳቀስ ከጀመረ እንኳ የቀረውን እየሮጠች ታደርሳለች። አንድም ቀን አጉድላብን አታውቅም።

ባለፈው ወር በአዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ከለቡ ጣቢያ ወደ ድሬ ሄድኩ። ደስ ብሎኛል፤ ኮርቻለሁም። ግን ኤረርን በመስኮት አየኋትና አለፍናት። ከተማዋ ሐዲድ አላት፣ ጣቢያ አላት፤ የተሳፈርኩበት ባቡር ግን አልቆመም። መስኮቱም የሚከፈት አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ስለ አፍሪካ ወደቦችና ባቡሮች የወጡ ዕቅዶችን ሳነብ ከረምኩ። የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2012 እዚሁ አዲስ አበባ ያጸደቀው የመሠረተ ልማት ፕሮግራም እስከ 2040 የሚዘልቅ ነው። በአጀንዳ 2063 ደግሞ ዋና ከተሞችን በፈጣን ባቡር ማገናኘት አንዱ ትልቅ ሥራ ሆኖ ተቀምጧል። ካርታዎቹን ስታዩ ሁሉም መስመር ከወደብ ይነሳና ዋና ከተማ ላይ ያርፋል። መሃሉ ባዶ ነጭ ወረቀት ነው። እኔ የማውቀው መሃል ግን ባዶ አይደለም። አፍደም አለ፣ ኤረር አለ፣ ሽንሌ አለ፣ አይሻ አለ።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። የ30 እና የ50 ዓመት ዕቅድ ሲወጣ መንገዱ ላይ የሚኖረው ሕዝብ የት ጋ ነው የሚገባው? የምታውቁ አስረዱኝ።

—

ስሌት | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡02

ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። በሙያዬ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ፤ የባቡር ሥራ ላይም ቆይቻለሁ። እስቲ በኛ በኩል ያለውን ላስረዳ።

አንደኛ፣ መስመሩ ከሰበታ እስከ አዳማ ነው ጥንድ። ከአዳማ ወዲያ አንድ ሐዲድ ብቻ ነው። ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ሲመጡ አንዱ ጣቢያ ገብቶ ሌላውን አሳልፎ ነው የሚወጣው። የመንገደኛ ባቡር ሰባትና ስምንት ትንንሽ ቦታ በቆመ ቁጥር ከኋላውና ከፊቱ ያለው የጭነት ባቡር ሁሉ ይጠብቃል። አንድ የጭነት ባቡር ከ100 በላይ ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር ይጎትታል። ያ ሁሉ ዕቃ አንድ ቦታ ተገትሮ ሲጠብቅ አስበው።

ሁለተኛ፣ ብድር አለ። ወደ 750 ኪ.ሜ. የሚሆነው መስመር በአብዛኛው የተሠራው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በተገኘ ብድር ነው። ብድሩን የሚከፍለው ጭነት እንጂ መንገደኛ አይደለም። ብርቱካኑማ ጭራሽ አይከፍልም። ይህን የምለው ልብህን ለመስበር አይደለም። ዕቅድ አውጪው ፊት ያለው ወረቀት ምን እንደሚል እንድታውቅ ነው።

ሦስተኛውን ደግሞ የድሬ ልጅ ስለሆንክ ታውቀዋለህ። የመጀመሪያውም ባቡር ለመሃሉ ሰው ተብሎ አልተሠራም። ዐፄ ምኒልክ ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተነሳ። የሚደርሰው ሐረር ነበር የተባለው። ተራራው ስለከበደ ሐዲዱ ከታች ሜዳው ላይ ቀረ፤ በ1895 እዚያ ሲደርስ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ከዚያ ኩባንያው ከሠረ፣ ሥራው ቆመ፣ እንደገና ተነሳ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ያንተ ከተማ የተወለደችው ዕቅዱ ውስጥ ሳትኖር ነው።

—

የሐዲድ ልጅ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡20

ስሌት፣ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልመልስ። ድሬዳዋ የተወለደችው ባቡሩ ስለቆመ ነው። ባያርፍባት ኖሮ ዛሬም ሜዳ ነበረች።

—

ሚሌ 21 | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡45

እኔ ሹፌር ነኝ። ተሳቢ ይዤ ጅቡቲ ስመላለስ 21 ዓመት ሞላኝ። ሰው ስለ ባቡርና ወደብ ሲጽፍ ሹፌር አይጠይቅም፤ ስለዚህ ሳልጠየቅ ልናገር።

በጋላፊ በኩል ከጅቡቲ አዲስ አበባ 900 ኪ.ሜ. ገደማ ነው። ሐምሌ ላይ ጅቡቲ ፒኬ 12 የሚባለው የጭነት መኪና መቆያ ተሰልፈህ ስታድር ከመኪናው ሥር አንሶላ አንጥፈህ ነው የምትተኛው። ጋቢናው ውስጥ አይታሰብም፤ ብረቱ ሌሊቱን ሙሉ አይበርድም። ረዳቴ ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ጎማው ጥላ ሥር ይወትፈዋል። ጠዋት የምንጠጣው እሱን ነው። ተራህ እስኪደርስ እንዲህ ነው።

ባቡሩ ሲመጣ “እናንተ አለቀላችሁ” ያሉን ብዙ ናቸው። እኔ ባቡሩን አልጠላም። በዚያ መንገድ ጓደኞች ቀብሬያለሁ። እንቅልፍ፣ ፍሬን፣ ግመል። ከባዱ ጭነት በባቡር ቢሄድ ደስ ነው የሚለኝ። ግን መንገዱ ላይ ያሉትን የአፋር ከተሞች፣ ሚሌንና ሎግያን ተመልከቱ። ሻይ ቤቱ፣ ጎሚስታው፣ መኝታው፣ መካኒኩ፣ ጥብስ ቤቱ፣ ሁሉም የቆመው መኪና ስለሚቆም ነው። አንዲት ሚሌ ያለች እናት እኔን ብቻ ሳይሆን የኔን ልጆች ስም ታውቃለች። ብድር ስትሰጠኝ ወረቀት አትጠይቀኝም። ጭነቱ ከአስፓልቱ ወደ ሐዲዱ ሲዛወር እሷ ወዴት ነው የምትዛወረው? የትኛው ዕቅድ ላይ ነው የተጻፈችው?

የሐዲድ ልጅ የጠየቀው ይሄን ይመስለኛል። እሱ የኤረሯን ያነሳል፤ እኔ የሚሌዋን።

—

ትራንዚተሯ | እሑድ፣ ከጠዋቱ 1፡30

እንደምን አደራችሁ። ስሜ እንደሚለው ትራንዚተር ነኝ፤ ዲክላራሲዮን፣ የጉምሩክ ቅጽ ማለት ነው፣ ስሞላ ነው የምውለው። ሚሌ 21፣ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር በመንገድህ ይጠብቅህ።

አስመጪዎች ለምን አሁንም መኪና እንደሚመርጡ አንድ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ለአንድ ደንበኛዬ የማሽነሪ መለዋወጫ ኮንቴነር በባቡር ይምጣ ብዬ መከርኩት። ባቡሩ ቃሉን ጠበቀ። በማግስቱ እዚህ ነበር። ከዚያ ግን ከጣቢያው ወደ ደንበኛዬ መጋዘን የሚያደርስ መኪና ፍለጋ ተጀመረ። ክሬን ተራ ጠበቅን። የተዋዋልነው የትራንስፖርት ድርጅት መኪና በሁለተኛው ቀን ቀረ። መጋዘን የገባው በስድስተኛው ቀን ነው። በመኪና ቢሆን አንዴ ጅቡቲ ላይ ተጭኖ በሩ ላይ ይወርድለት ነበር። ደንበኛዬ “አንቺ ነሽ በባቡር ያልሽኝ” አለኝ። ምን እመልስለታለሁ?

ደግሞ ባዶ ኮንቴነሩ አለ። ኮንቴነሩ የመርከብ ድርጅቱ ነው፤ በቀነ ገደቡ ጅቡቲ ካልተመለሰ በየቀኑ ዶላር ይቆጥራል። እኛ የምናስገባው ብዙ፣ የምናስወጣው ትንሽ ስለሆነ ባቡሩም መኪናውም ሲመለስ አብዛኛው ባዶውን ነው። የመልሱ ወጪ የሚታሰበው በመጪው ዕቃ ላይ ነው። ስኳሩም ዘይቱም ላይ እናንተ ትከፍሉታላችሁ።

እና ስሌት “ብርቱካኑ አይከፍልም” ሲል እኔ ሌላ ነገር ነው የታየኝ። ባዶውን የሚመለስ ባቡር ኤረር ላይ ቢቆምና ብርቱካን፣ ሽንኩርት፣ ፍየል ቢጭን ምን ይጎዳል? ያ ፉርጎ እንደሆነ ወደ ጅቡቲ መሄዱ አይቀርም። ጅቡቲ ደግሞ አትክልት የምትበላው ከኛ ነው። የመሃሉ ሰው የሚያመርተው ነገር ለባዶው ፉርጎ መድኃኒት ነው ባይ ነኝ።

—

ፍታሐዊ | እሑድ፣ ከረፋዱ 4፡05

ሁሉም ነገር የሚፈታው የራሳችን ወደብ ሲኖረን ነው። ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ወደብ አልባ ነን፤ ከ1990ው ጦርነት ወዲህ አሰብም ተዘጋ። የጅቡቲ ጥገኞች ሆነን ስለ ብርቱካን እናወራለን።

—

አወያይ | እሑድ፣ ከረፋዱ 4፡20

ፍታሐዊ፣ ስለ ወደብ ባለቤትነት ሌላ ክር አለ፤ እዚያ በሰፊው እየተወራበት ነው። እዚህ የተነሳው መስመሩ ላይ ስላለው ሕዝብ ነው። ብዙ ወደብ መኖሩ ለመሃሉ ሰው ምን ይጠቅመዋል የምትለው ካለህ ግን በጣም ደስ ይለናል።

—

ኢስሊ | እሑድ፣ ከቀኑ 8፡15

ናይሮቢ ነው የምኖረው። እዚህ ያለውን ላካፍላችሁ፤ ለኛ ትልቅ ትምህርት አለውና።

ኬንያ የሞምባሳ–ናይሮቢን ባቡር እ.ኤ.አ. በ2017 ከፈተች። እ.ኤ.አ. በ2019 ናይቫሻ አካባቢ ደረሰና ቆመ። ዕቅዱ ኡጋንዳ ድንበር ማላባ፣ ከዚያም ካምፓላ ነበር። ገንዘቡ አለቀ፤ አዲሱ ሐዲድ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ቀረ። ዕቃው እዚያ ወርዶ በቅኝ ግዛት ዘመን በተሠራው ጠባብ ሐዲድ ወይም በመኪና ይቀጥላል። የሐዲዶቹ ስፋት ስለማይገጥም ፉርጎው ራሱ መሻገር አይችልም።

ከዚህ በላይ የሚያመው ሞምባሳ ነው። መንግሥት ብድሩ እንዲከፈል ኮንቴነሩ ሁሉ በባቡር ይሂድ ብሎ አስገደደ። የዕቃው ፍተሻም ወደ ናይሮቢና ናይቫሻ ደረቅ ወደብ ዞረ። የሞምባሳ ሰው አደባባይ ወጣ። ማሪያካኒን፣ ቮይን፣ ምቲቶ አንዴይን በአውቶቡስ ያለፈ ሰው ያውቃቸዋል፤ ልክ እንደ ሚሌና ሎግያ ናቸው። የመኪና ማደሪያ ከተሞች ነበሩ፤ ሻይ ቤቱ ባዶ ቀረ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2022 አዲሱ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ቀን አሠራሩ ወደ ሞምባሳ ይመለስ አሉ። ለዓመታት የተገፋው ነገር በአንድ ቀን ተቀለበሰ። መጀመሪያ ሰውን ጠይቀውት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

ሁለተኛው የኬንያ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለው ላሙ ነው። ይሄ እኛንም ይመለከታል። የካቲት 23 ቀን 2004 ዓ.ም. የሦስቱ አገሮች መሪዎች ሙዋይ ኪባኪ፣ ሳልቫ ኪርና መለስ ዜናዊ ላሙ ላይ ተገኝተው ኬንያን፣ ደቡብ ሱዳንንና ኢትዮጵያን የሚያገናኘውን የወደብ፣ የባቡር፣ የመንገድና የነዳጅ ቧንቧ ዕቅድ አስጀመሩ። ወደቡ 32 የመርከብ ማቆሚያ እንዲኖረው ነው የታቀደው። በመጀመሪያው ዙር የተሠሩት ሦስት ናቸው፤ የመጀመሪያው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ተመረቀ። ባቡሩ የለም።

የላሙ ዓሣ አስጋሪዎች ግን ዝም አላሉም። ባሕሩ ሲቆፈር የሚያጠምዱበት ቦታ ጠፋ፤ ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2018 የማሊንዲ ከፍተኛ ፍርድ ቤት 4,600 ለሚሆኑ አስጋሪዎች 1.76 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሣ ይከፈል ብሎ ፈረደ። አስቡት፤ ይሄ ሁሉ ሰው በዕቅዱ መጀመሪያ ላይ ተቆጥሮ ቢሆን ጀልባውን፣ መረቡን፣ ራቅ ያለ ባሕር ላይ የሚያሠራ ሞተር አስቀድሞ ማዘጋጀት ይቻል ነበር። ፍርድ ቤት ነው የቆጠራቸው።

ደግ ነገሩንም ልናገር። ከዚያ ሁሉ ዕቅድ ውስጥ ለኛ ሰው ሕይወት የቀየረው የኢሲዮሎ–ሞያሌ አስፓልት ነው። ድሮ ከናይሮቢ ሞያሌ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥለህ፣ አቧራ ጠጥተህ፣ ሽፍታ ፈርተህ ነው የምትደርሰው። ዛሬ አውቶቡስ ማታ ተሳፍረህ በማግስቱ ሞያሌ ነህ። የቦረና እናት የግመል ወተት ወደ ከተማ ትልካለች። መንገዱ በየመንደሩ ይቆማላ! ማንም የፈለገበት ይወርዳል፣ ይሳፈራል።

—

ኮምቦልቻ ሰፈር | እሑድ፣ ከምሽቱ 12፡40

ስለ አዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር ማንም ሳያነሳ ሊያልፍ ነው። ወደ 390 ኪ.ሜ. ይሆናል። ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። ተራራ ተበሳ፣ ድልድይ ተሠራ፣ ሐዲዱ ተነጠፈ። ከዚያ የኤሌክትሪክ ኃይሉ ሳይደርስለት፣ ጦርነቱም መጥቶ ተጎዳ።

እኔ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ሐዲዱን ተሻግሬ ነው የምሄደው። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። “አባዬ፣ ባቡሩ መቼ ነው የሚመጣው?” ትለኛለች። ሐዲዱ ላይ ጆሮዋን አድርጋ ታዳምጣለች፤ ማን እንዳስተማራት አላውቅም። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ 2,395 ኪ.ሜ. ሐዲድ እንዘረጋለን ተብሎ ነበር። ትልቅ ማሰብ ጥሩ ነው። ግን ሐዲድ አነጣጥፎ ኃይሉን ለሌላ መሥሪያ ቤት፣ ለሌላ ዓመት መተው ምን ዓይነት ዕቅድ ነው? የኮምቦልቻ ሰው መሬቱን ለቋል። እርሻው የተቆረጠበት አለ። የሚጠብቀው ባቡሩን ነው።

—

ታሪክ ወዳድ | እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡55

ኮምቦልቻ ሰፈር፣ ስለ ልጅህ ያነበብኩት ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም።

ለሐዲድ ልጅ ጥያቄ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ የተሻለ መልስ ያለ አይመስለኝም። ሁለቱን የሚያገናኘውን ባቡር፣ ታዛራን ማለቴ ነው። ሮዴዥያ፣ የዛሬዋ ዚምባብዌ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በነጮች አስተዳደር ነፃነቷን በራሷ ካወጀች በኋላ የዛምቢያ መዳብ በደቡብ በኩል ያለው መውጫ አስጊ ሆነ። የታንዛኒያው ኔሬሬና የዛምቢያው ካውንዳ ብዙ በር አንኳኩ። ምዕራባውያኑ አያዋጣም አሉ። ቻይና ወለድ የሌለው ብድር ሰጠች። ከዳሬሰላም እስከ ካፒሪ ምፖሺ 1,860 ኪ.ሜ. ሐዲድ እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1975 ተሠርቶ በ1976 ርክክቡ ተፈጸመ።

ዓላማው መዳብ ነበር። በዓመት 2 ሚሊዮን ቶን እንዲያነሳ ነው የታሰበው፤ አንድም ዓመት እዚያ አልደረሰም። ሞተሮቹ አረጁ፤ መለዋወጫ ጠፋ። ፖለቲካው ሲቀየር የደቡቡ መንገድ ተከፈተና መዳቡ ወደዚያ ሄደ። በወረቀቱ ብንሄድ ከሽፏል። አሁን እንደገና እንዲታደስ እ.ኤ.አ. በ2024 ቤጂንግ ላይ ሦስቱ አገሮች ተፈራርመዋል።

ግን መሃሉን እዩት። ኪሎምቤሮ ሸለቆ ውስጥ ያለ ገበሬ ከዚያ በፊት ሩዙን የሚያወጣበት መንገድ አልነበረውም። በየጣቢያው የሚቆመው ቀርፋፋው ባቡር ሲመጣ ሰው እየተሳበ ወደ ሐዲዱ መጣ። ሙዙ፣ ሩዙ፣ ባቄላው በመንገደኛ ባቡር ላይ ተጫነ። ሴቶች ከአንዱ ጣቢያ ገዝተው ሌላው ጣቢያ መሸጥ ኑሯቸው ሆነ። መዳቡ ሲጠፋ እነሱ አልጠፉም። መስመሩን በእነዚያ ክፉ ዓመታት በሕዝብ ልብ ውስጥ ያቆየው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። አብሮት ያደገ ሕዝብ ያለው ሐዲድ “ይዘጋ” ሲባል የሚጮህለት አለው።

የስፋቱ ነገር ደግሞ ኢስሊ እንዳለው ነው። ታዛራ 1,067 ሚሊ ሜትር ነው። የታንዛኒያ የቆየው መካከለኛ መስመር 1,000 ነው። ሁለቱም ዳሬሰላም ገብተው አይገናኙም! ዕቃ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዛውር ጣቢያ ኪዳቱ ላይ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ታንዛኒያ አሁን በምትዘረጋው አዲስ መስመር ሦስተኛ ስፋት ገብቷል፤ 1,435፣ ልክ እንደኛው። ያልተነጋገሩ ዕቅዶች ሲከማቹ እንዲህ ነው።

—

ስሌት | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡30

ታሪክ ወዳድና ትራንዚተሯ ሐሳቤን አስለውጣችሁኛል። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ግን አስለውጣችሁኛል።

አሁንም ፈጣኑ የመንገደኛ ባቡር ሁሉም ቦታ ይቁም አልልም። ግን ለሁሉም ጉዳይ አንድ ዓይነት ባቡር መኖሩ ግዴታ አይደለም። ጥቂት የመንገደኛ ፉርጎና ጥቂት የዕቃ ፉርጎ ያለው ቅይጥ ባቡር በሳምንት ሁለት ቀን፣ በገበያ ቀን፣ ከአዋሽ ድሬ፣ ከድሬ ድንበሩ ላይ እስካለችው ደወሌ ቢሮጥ ሐዲዱን አያጨናንቅም። የማሳለፊያ ሐዲዶቹ አሉ፤ ጣቢያዎቹም ተሠርተው ተቀምጠዋል። የጎደለው የጊዜ ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር መጻፍ ነው። ትራንዚተሯ የነገረችንን የባዶ ፉርጎ ነገር እኔ በዚህ ዓይን አላየሁትም ነበር።

ለሚሌ 21። ያንተ ጥያቄ ከባድ ነው። ግን ባቡር ሲበረታ አጭር ርቀት የሚሠራ መኪና ፍላጎቱ ይጨምራል። ከጣቢያ ወደ መጋዘን፣ ከገጠር ወደ ጣቢያ። ቤትህ እያደርክ የምትሠራው ሥራ ነው። ለሚሌዋ እናት ግን መልስ የለኝም፤ ዕቅዱ ውስጥ ልትገባ ይገባታል ከማለት በቀር።

—

ሚሌ 21 | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡52

ቤት ማደር ካለበትማ ነገ ልጀምር። የእሷን ነገር ግን አትርሱ።

—

አሊ ሳቢህ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ጅቡቲ ነው የምኖረው፤ ሱቅ አለኝ። እዚህ ያለው የኢሳ ሕዝብና ሽንሌ፣ አይሻ ያለው አንድ ቤተሰብ ነው። የአንዱ ግመል እዚያ፣ የአንዱ ቤት እዚህ። ድሮ ባቡሩ ሠርግም ለቅሶም ያደርሰን ነበር። ከድሬ ቲማቲምና ሽንኩርት ይዘው የሚመጡ እናቶች ነበሩ፤ በመመለሻቸው ልብስና ሽቶ ይዘው ይሄዳሉ።

ጅቡቲ ውስጥ ወደብ አለ፤ ውሃ የለም። የምንጠጣው ከድንበሩ ማዶ፣ ከኢትዮጵያ በቧንቧ የሚመጣ ውሃም አለ። መብራቱም ከእናንተ ይመጣል። ስለዚህ ማን በማን ላይ ጥገኛ ነው የሚለውን ክርክር እኔ አልወደውም። ሁለታችንም አንድ መስመር ላይ ነን።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከብት። ባቡሩ ኤሌክትሪክ ነው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ድንገት ነው የሚደርሰው። ግመል ሲገጭ አርብቶ አደሩ የዓመት ኑሮውን ያጣል፤ ባቡሩም ሰዓታት ይቆማል። ግመል የሚሻገርበትን መንገድ የሚያውቀው ሽማግሌው ነው። ሐዲዱን ሲነድፍ ሽማግሌውን አስከትሎ ሁለት ቀን የሄደ መሐንዲስ ካለ መሻገሪያውን የት እንደሚሠራ ያውቃል። ከአያት ቅድመ አያት የመጣ መንገድ ነው፤ በካርታ ላይ ግን አይታይም።

—

ሽመንደፈር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡25

ልጆቼ፣ ይህን ሁሉ ያነበበልኝ የልጅ ልጄ ነው፤ የሚጽፍልኝም እሱ ነው። በምድር ባቡር 34 ዓመት ሠርቻለሁ። የሐዲድ ልጅ አባቱን ስሙን ባይጽፍም በወርክሾፑ የማውቀው ይመስለኛል።

አንድ ያልተነሳ አለ። ያ አሮጌ ባቡር ሐዲድ ብቻ አልነበረም፤ ትምህርት ቤትም ነበር። ድሬዳዋ ወርክሾፕ የገባ ልጅ ብየዳውን፣ ቶርኖውን፣ ሞተሩን ይማራል፤ ፈረንሳይኛውንም ይጨምራል። ከዚያ ወጥቶ በየአገሩ ጋራዥ የከፈተው ስንት ነው! በውሃ አጥ ጣቢያዎች ደግሞ የውሃ ፉርጎ ተጎትቶ ይሄድ ነበር። ለሠራተኛው ነው የሚባለው። ግን ውሃው ሲደርስ በጣቢያው ዙሪያ ያለ አርብቶ አደር ሁሉ ጀሪካን ይዞ ይመጣል፤ ማንም አይከለክለውም። ጣቢያ ማለት ውሃ ያለበት ቦታ ማለት ነበር። እኛ እንዲህ እያደረግን ነው ሐዲዱን ከሌባ ያስጠበቅነው። ማን ይጠብቀዋል? ውሃውን የሚጠጣው ሰው ነው የሚጠብቀው።

አሁን መስመሩን ከግንቦት 2016 ጀምሮ የሚያንቀሳቅሱት የኛው ልጆች ናቸው ሲባል ሰምቼ አልቅሻለሁ። ስለዚህ ቻይናው ነው፣ ፈረንሳዩ ነው የምንልበት ጊዜ አልፏል። የሚጠየቁት ልጆቻችን ናቸው፤ ሊሰሙም የሚችሉት እነሱው ናቸው።

—

የሐዲድ ልጅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ጋሼ፣ እጅዎን ስሜያለሁ። አባቴን ካወቁት በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ፤ እባክዎ።

ከእናንተ የወሰድኩትን ልንገራችሁ። ስሌት ያለውን የቅይጥ ባቡር ሐሳብ ደብዳቤ አድርጌ ለሚመለከታቸው ማስገባት እፈልጋለሁ። ግን ባዶ ልመና እንዲሆን አልፈልግም። እያንዳንዱ ጣቢያ ዙሪያ ምን እንደሚመረት፣ የገበያ ቀኑ መቼ እንደሆነ፣ ስንት ሰው ወዴት እንደሚሄድ ተቆጥሮ ይግባ። በሚቀጥለው ሳምንት ፈቃድ ወስጄ ኤረር እሄዳለሁ። ከዚያ በሞተር ሳይክል ወደ ጎታና ቢኬ።

—

ትራንዚተሯ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡58

እኔ ወደ ጅቡቲ የሚሄደውን አትክልትና የባዶ ኮንቴነሩን ወጪ እሠራልሃለሁ፤ የሥራዬ አካል ነው። ከአዋሽ እስከ ድንበር ያሉትን ጣቢያዎች በቅደም ተከተል ላክልኝ፤ ሰንጠረዡን ዛሬ ማታ ልጀምረው።

—

ስሌት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

የጊዜ ሰሌዳው ላይ ቅይጡ ባቡር የት ጋ እንደሚገባ እኔ ነድፌ አመጣለሁ።

—

አሊ ሳቢህ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡11

በደወሌ በኩል ያለውን ለኔ ተዉት። የግመል መሻገሪያዎቹን አጎቴ ያውቃቸዋል።

—

ሽመንደፈር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

ለልጄ ለትራንዚተሯ። ጣቢያዎቹን በቃሌ ነው የምነግርሽ፤ ትልልቆቹን። ከአዋሽ ተነሺ። አሰቦት፣ ሚኤሶ፣ ሙሉ፣ አፍደም፣ ቢኬ፣ ጎታ፣ ኤረር፣ ሁርሶ፣ ድሬዳዋ። ከድሬ ወዲያ ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ። አዲጋላ ላይ ሙቀቱ ይከብዳል፤ የሚሄድ ሰው ውሃ ይያዝ።